«ሜክ ክሊን» ለዘላለም ይኑር!

ሰሞኑንም ያው ነው። ሰርቨሩ ተነሳ፣ ክላየንቱ ተገናኘ፣ የመጀመሪያዋ መልእክት ስትደርስ ሰርቨሩ ዘጭ! ምክንያቱን እናንተም ታውቁታላችሁ። እኔ ግን ዛሬ አልወቅስም። ሁለት ፕሮግራም በአንድ ኦብጀክት ፋይል (ኮዱ ወደ ማሽን ቋንቋ ሲተረጎም በሚወጣው ፋይል) ለሚያኖሩ ጀግኖች ምስጋና ይገባቸዋል አቦ!

ቁጠባውን እዩልኝ። ሰርቨሩና ክላየንቱ የሚጋሩት ኮድ «ሰርቨር ከሆነ ይሄን፣ ካልሆነ ያንን» በሚሉ ኢፍዴፎች ተሞልቷል። ስለዚህ አንዱ የሲ ቋንቋ ፋይል በተለያየ ፍላግ (ለኮምፓይለሩ በሚሰጥ ምርጫ) ሁለቴ ኮምፓይል መደረግ አለበት። ተራ ሰው የክላየንቱን ኦብጀክት በአንድ ፎልደር፣ የሰርቨሩን በሌላ ያስቀምጥ ነበር። ፋይሉ እንዴት እንደሚሠራ ለሜክ የሚነግሩ ሁለት ፓተርን ሩል፣ አለቀ። የኛ ጀግና ግን ፎልደር አያባክንም። ሁለቱንም እዚያው ምንጩ አጠገብ፣ በአንድ ስም! ከኮዱ ፕሮግራሙን የሚገነባው ሜክ ደግሞ የዋህ ነው። ስቱዋርት ፌልድማን በ1976 እ.ኤ.አ. ቤል ላብስ ውስጥ ሲሠራው ጀምሮ የሚያየው የፋይሉን ሰዓት ነው፤ በየትኛው ፍላግ እንደተሠራ አይጠይቅም። ኦብጀክቱ ከምንጩ አዲስ ከሆነ ዝም ብሎ ያልፋል። የክላየንቱ ኮድ ሰተት ብሎ ሰርቨሩ ውስጥ ይገባል።

መድኃኒቱ? «ሜክ ክሊን»! የተሠራውን ኦብጀክት ሁሉ መደምሰስ። ከዚያ በፈረቃ መሥራት። ጠዋት ክላየንት፣ ከሰዓት ሰርቨር። ድሬ ለዚህ የተፈጠረች ከተማ ናት። ቀትር ላይ ፀሐይዋ ስትበረታ ክሊን ተብሎ ሁሉም ከዜሮ ይጀመራል፤ ሰውየው ከዚራ ጥላ ሥር አረፍ ይላል፣ ከዚያም ወደ በርጫው። በዚህ መሀል ክላየንቱ ላይ አንዲት ኮማ ያስተካከለ ሰው ወዮለት። ኮማዋ ታድራለች። ዓርብ ከሆነ እስከ ሰኞ ትከርማለች። እንደ ታክሲ ተራ አስከባሪ መቅጠር ሳያስፈልግ አይቀርም፦ «ሰርቨር ሞልቷል፣ ክላየንት ቀጥል! አንተ፣ ወረፋህን ጠብቅ!» ሁለቱንም በአንዴ ልሥራ ብሎ ሜክን ጎን ለጎን የሚያሠራውን «ዳሽ ጄ» የሞከረ ደግሞ አንዱ የሌላውን ፋይል ሲደመስስ ቁጭ ብሎ ያያል።

ከዚህም የላቁ ሊቃውንት አሉ። የጋራውን ፎልደር ሁለት ቦታ ኮፒ ያደርጉታል። የጋራ ነው፣ ግን ለየራስ! አንዱ ሄደር (የጋራ ትርጉሞች የሚጻፉበት ፋይል) ውስጥ የመልእክቱን ቅርጽ የሚወስነው ስትራክት ላይ መስክ ይጨመራል፣ ሌላው አልሰማም። ክላየንትና ሰርቨር ከዚያ ወዲያ የሚግባቡት በእግዜር ፈቃድ ነው።

ቀልዱ ግን እዚህ ጋ ይቁም። ልምምድ ላይ ያለች ልጅ ኮዷ ውስጥ የሌለ ስህተት ስትፈልግ ሌሊቱ ይነጋባታል። ጥፋቱ ያደረ ኦብጀክት ነው። ሩሉን ያልጻፈው ሰውዬ ጠዋት መጥቶ «ክሊን አላደረግሽም እንዴ?» ይላታል፣ እየሳቀ። ምን ያስቃል? የሰው እንቅልፍ ከሁለት መስመር ሩል ረከሰ?

ልጅቷ ጨክና ራሷ ጻፈችው። ፎልደሮቹን ለየች። ፍላግ የማይነካውን ኮድ አንዴ ተሠርቶ ሁለቱም በሚጋሩት ስታቲክ ላይብረሪ አደረገች። ሄደር ሲቀየር ሜክ እንዲያውቅ «ዳሽ ኤም ኤም ዲ» ጨመረች። ከዚያ ለአለቃዋ ላከችው።

«ጎበዝ፣» አላት፣ «ግን ፕሮጀክቱን አወሳሰብሽው።» ሥራዋን ሳይቀበል መለሰባት።