ውሳኔው ከነፋሱ ይቅደም
እ.ኤ.አ. ጁን 24 ቀን 1975 በኒውዮርክ ጆን ኤፍ ኬኔዲ አውሮፕላን ማረፊያ፣ የነጎድጓድ ደመና በማኮብኮቢያው መዳረሻ ላይ አንዣቦ ነበር። ቀድሞ ያረፈ የጭነት አውሮፕላን አብራሪ ነፋሱ ክፉኛ እንዳንገላታው ተናግሮ ማኮብኮቢያው እንዲቀየር ተቆጣጣሪዎቹን አሳሰበ። አልተቀየረም። ከደቂቃዎች በኋላ የኢስተርን አየር መንገድ ቦይንግ 727 ማኮብኮቢያው ላይ ሳይደርስ ተከሰከሰ፤ 113 ሰዎች ሞቱ።

ትውልደ ጃፓናዊው ሳይንቲስት ቴትሱያ ፉጂታ ጥፋተኛው ከደመና እንደ ዱብ ዕዳ የሚወርድ ጠባብ ነፋስ ነው ሲሉ ያላመኗቸው የሙያ ባልደረቦች ነበሩ። ዛሬ ማይክሮበርስት የሚባለው ይህ ነፋስ ስፋቱ ከ4 ኪሎ ሜትር አይበልጥም። ዝናብና በረዶ ሲወርዱ አየሩን አብረው ይጎትታሉ፤ ጠብታው ሲተን፣ በረዶው ሲቀልጥ ደግሞ አየሩ ይቀዘቅዛል። የቀዘቀዘ አየር ይከብዳልና ቁልቁል ይምዘገዘጋል፤ መሬት ሲመታ በየአቅጣጫው ይበተናል። ለማረፍ የተቃረበ አውሮፕላን መጀመሪያ የሚገጥመው ከፊት የሚመጣው ነፋስ ስለሆነ ሽቅብ ያነሳዋል፤ አብራሪው የሞተሩን ኃይል ቢቀንስ አይፈረድበትም። ወዲያው ግን ነፋሱ ከላይ ይጫነዋል፣ ቀጥሎም ከኋላ ይመጣና የክንፉን ጉልበት ይነጥቀዋል። ያን ጊዜ ስህተት ማረሚያ ከፍታ የለም።

ይበልጥ አታላዩ ደረቁ ዓይነት ነው። ዝናቡ አየር ላይ ተንኖ ያልቃል፤ ከደመናው ሥር ግራጫ መጋረጃ ተንጠልጥሎ ይታያል፣ ታች ደግሞ ድንገት አቧራ ይነሳል። ዝናብ የለም ብሎ የተዘናጋ ሰው የሚጠቃው በዚህ ነው።

አቪዬሽኑ ተምሯል፤ ያውም እ.ኤ.አ. በ1982 በአሜሪካ ሉዊዚያና ውስጥ 153፣ በ1985 ዳላስ አጠገብ 137 ሰዎች በእንዲህ ያለ የአውሮፕላን አደጋ ካለቁ በኋላ። የነፋሱን ፍጥነት ከሩቅ የሚለካው ዶፕለር ራዳርና በአብራሪው ክፍል (ኮክፒት) ውስጥ ያለው ማስጠንቀቂያ የተስፋፉት ከዚያ ወዲህ ነው። ሜዳ ላይ ለሚሰበሰበው ሕዝብ ግን ይህን ያህል የተጨነቀ የለም። እ.ኤ.አ. በ2011 በቤልጂየሙ የፑክልፖፕ የሙዚቃ ፌስቲቫል እንዲህ ያለው ነፋስ ድንኳንና ዛፍ ጥሎ 5 ሰዎች ገድሏል።

ትንበያው ይሻሻል ማለት ብቻውን አያዋጣም። ነጎድጓድ እንደሚኖር ይተነበያል፤ ነፋሱ የትኛው ሜዳ ላይ በስንት ሰዓት እንደሚወርድ ግን ከሰዓታት በፊት የሚናገር የለም። ከወረደ ደግሞ ብርቱው ክፍል በጥቂት ደቂቃዎች ውስጥ ያልፋል። በዚያ ጊዜ ስብሰባ አይጠራም። ስለዚህ ምን ምልክት ሲታይ ዝግጅቱ እንደሚቋረጥ፣ ሕዝቡ የትኛው ጠንካራ ሕንፃ ውስጥ እንደሚገባ አስቀድሞ በጽሑፍ ይወሰን። ነፋሱ ሳይመጣ ቢቀርና ታዳሚው ቢያጉረመርም፣ ያጉረምርም! የማቋረጥ ሥልጣኑም ትኬት በሚሸጠው ሰው እጅ መሆን የለበትም።