ያቺን የተቀደደች ብር ለማን ሰጣችኋት?

ወገኖቼ፣ ዛሬ ልቆጣችሁ ነው። የተቀደደች ብር እጃችሁ ስትገባ ምን ታደርጋላችሁ? አጣጥፋችሁ፣ እስኪመሽ ጠብቃችሁ፣ ለታክሲ ረዳት ወይም ለሊስትሮው ልጅ። ከዚያ «ተገላገልኩ!» እኔም አድርጌዋለሁ፤ ስለዚህ አትካዱኝ።

ይህ ነገር ሲገፋ የት እንደሚያደርስ ቻይናዎች አይተውታል። የድሮ ገንዘባቸው መሃሉ የተበሳ የነሐስ ሳንቲም ነበር፤ ሺውን በገመድ ሰክተው ይሸከሙታል። እ.ኤ.አ. በ465 በደቡብ ቻይና፣ በሊዩ ሶንግ መንግሥት ዘመን፣ ሰዉ ራሱ ሳንቲም እንዲሠራ ተፈቀደለት። ወዲያው ሳንቲሙን ማቅጠን ተጀመረ። «የዝይ ዓይን» የተባለው ሳንቲም ሺው ተደርድሮ ግማሽ ስንዝር አይሞላም ነበር ይላል የዘመኑ ታሪክ። ከእሱ የባሰው ውሃ ላይ ይንሳፈፋል፤ ሲነኩት ይፈረካከሳል። አንድ ዶው (የእህል መስፈሪያ ነው) ሩዝ 10,000 ሳንቲም ገባ፤ ንግዱም ቆመ። ያንን ተንሳፋፊ ሳንቲም መጨረሻ ላይ ማን እጅ ላይ የቀረ ይመስላችኋል? ሀብታሙ ጋ እንዳትሉኝ።

እናንተ ደግሞ «ሕገ ወጥ ተያዘ» ሲባል የምታጨበጭቡ፣ ይህንን ስሙ። በ758 የቻይናው የታንግ መንግሥት አን ሉሻን የሚባል የጦር አዛዥ ከቀሰቀሰው አመፅ ጋር ሲዋጋ ካዝናው ተራቆተ። ዲዉ ቺ የሚባል ሹም አንዱ እንደ 10 የሚቆጠር ሳንቲም አስመታ። በማግስቱ ዓመት ደግሞ የ3 ሳንቲም ያህል ነሐስ ይዞ «50 ነኝ» የሚል አወጣ። እናንተ ሲመሽ የምታደርጉትን እሱ በቀን፣ በአዋጅ አደረገው።

የዋና ከተማው የቻንግአን ሰው ሞኝ አይደለም። የቤተ መቅደስ ደወልና ምስል ሳይቀር እያቀለጠ ያንኑ ሳንቲም በጓሮ መሥራት ጀመረ። በጥቂት ወራት ውስጥ ከ800 በላይ ሰው በዚህ ጥፋት ተይዞ፣ በቅጣት ተደብድቦ ሞተ። ሩዙ ግን አልረከሰም፤ አንድ ዶው 7,000 ደረሰ። ሹሙም ከሥልጣኑ ወረደ። የ50ው ሳንቲም መጀመሪያ 30 ተባለ፤ በ762 ትልቁም ትንሹም እኩል አንድ ሆነ። ያኔ ሰዉ ሳንቲሙን አቅልጦ የቤት ዕቃ ሠራበት።

እስቲ አሁን ኪሳችሁን ፈትሹ። ያቺን ብር ባንክ ወስዳችሁ ቀይሯት። ሰልፉ ረጅም ነው? ሊስትሮውን ልጅ እኮ ጭራሽ አያስገቡትም።