ለክቡር የዓርብ የቤት ሥራ የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ይድረስ፦ ለክቡር የዓርብ የቤት ሥራ፣ ባሉበት
ጉዳዩ፦ ቅዳሜና እሑድ እንዲመለሱልን ስለመጠየቅ

ክቡርነትዎ እንደምን ሰንብተዋል? ጤንነትዎን ከልጄ ቦርሳ ክብደት ስለምረዳው ጥያቄዬ የወግ ብቻ ነው። ከሰኞ እስከ ሐሙስ ጨዋ እንግዳ እንደሆኑ አልክድም፤ አንድ ገጽ የእጅ ጽሕፈትና ጥቂት የማባዛት ጥያቄ ይዘው ይመጣሉ፣ በኮሙኒኬሽን ቡኩ ላይ የወላጅ ፊርማ ተቀብለው ከራት በፊት ይሰናበታሉ። ዓርብ ሲሆን ግን ጠባይዎ ይለወጣል። «በዚህ ሳምንት የተማርነው» የሚል መልእክት በቴሌግራም ግሩፑ አስቀድመው ይልኩና ወርክሺቱን፣ ፕሮጀክቱንና የተረት ጽሑፉን አስከትለው ሳሎናችን መሐል ይሰፍራሉ፤ እሑድ ከምሽቱ 4 ሰዓት በፊትም ንቅንቅ አይሉም።

ለመሆኑ የተላኩት ወደ ማን ነው? በ2015 ዓ.ም. ሥራ ላይ የዋለው ሥርዓተ ትምህርት አንደኛ ደረጃን ከ1ኛ እስከ 6ኛ ክፍል አድርጎ ሲያደራጅ፣ አባቶችና እናቶችም በዚሁ እርከን አብረው እንዲማሩ የደነገገበትን ቦታ ፈልጌ አላገኘሁም። (ምናልባት አባሪው ላይ ይኖር ይሆናል፤ አባሪ ማን ያነባል!)

ለማስረጃ ያህል የአካባቢ ሳይንሱን ፕሮጀክት ላንሣ። ትእዛዙ በአንድ መስመር ያለቀ ነበር፦ «የኢትዮጵያን የአየር ንብረት ቀጠናዎች በካርቶን ላይ ሠርታችሁ አምጡ»። ውርጭ፣ ደጋ፣ ወይና ደጋ፣ ቆላና በረሃ፤ አምስቱም በአንድ ሳሎን ምንጣፍ ላይ። ለራስ ዳሽን ውርጭ ከመድኃኒት ሣጥን ጥጥ ወጣ፣ ደጋው ላይ ገብስ፣ ቆላው ላይ ማሽላ ተለጠፈ፣ የዳሎልን ድኝ ለማሳየት ደግሞ ባለቤቴ ለአልጫ ያስቀመጠችው እርድ ከኮላ ጋር ተለወሰ። ወይና ደጋው ጤፍ ይሻል ተባለ፤ ጤፍን በኮላ ለመለጠፍ ያልሞከረ ሰው ስለ ትዕግሥት ባይናገር ይመረጣል። የሦስተኛ ክፍል ተማሪዋ ልጄ በዚህ ሁሉ መካከል የነበራት ድርሻ ኮላ ማቀበልና «አባዬ፣ መምህሯ ግመልም ያስፈልጋል ብላለች» ብሎ ማሳሰብ ነበር። ሰኞ ጠዋት ካርቶኑ ሚኒባስ ታክሲ ውስጥ አንድ መቀመጫ ያዘና ረዳቱ ሒሳቡን ጠየቀ፤ መጠየቁም አግባብ ነበር፣ ምክንያቱም ከእኛ ይልቅ ተደላድሎ የተቀመጠው ደጋው ነው። ስንወርድ ወይና ደጋው በከፊል መቀመጫው ላይ ቀርቷል።

ይህንንስ በዝምታ ባለፍኩት። ይህን ደብዳቤ ያጻፈኝ የተረቱ ነገር ነው።

እርስዎ ሳይወለዱ በፊት ተረት የራሱ ሥርዓት ነበረው። አያት «ተረት ተረት» ትላለች፣ ልጆች «የላም በረት» ይላሉ፣ አያ ጅቦና እመት ጦጢት የልባቸውን ይሠራሉ፣ መጨረሻ ላይ «ተረቴን መልሱ፣ አፌን በዳቦ አብሱ» ተብሎ ይዘጋል። የተራኪዋ ክፍያ ዳቦ ነበር፤ እርስዎ ግን ከ5 የሚታረም ነጥብ አደረጉት፣ ከአምስቱም ሁለቱን «ከዚህ ተረት የምንማረው» ለሚል ባዶ መስመር መደቡ። ልጄ በእርሳስ የጻፈችውን ሳላርም እንዳለ ልገልብጥልዎ፦

«ተረት ተረት። የላም በረት። አንድ ጅብ ነበር። ማታ አህያዋን ሊበላት መጣ። አህያዋ ቆይ የቤት ሥራ አልጨረስኩም አለችው። ጅቡ ቁጭ ብሎ ጠበቃት። የቤት ሥራው አላልቅ አለ። ነጋ። ጅቡ ሄደ። ከዚህ ተረት የምንማረው ጅብ ትዕግሥት እንዳለው ነው።»

እንግዲህ ይፍረዱ። ስለ እርስዎ ከተጻፈው ሁሉ አንድ ሕይወት ማትረፍዎን የመሰከረልዎ ጽሑፍ ይህ ብቻ ነው፤ እርስዎ ግን እንዲተርፍ አላደረጉም። ቅዳሜ የመጣው አስጠኚ፣ የዩኒቨርሲቲ ተማሪና ጨዋ ልጅ፣ ደብተሩን አይቶ ደነገጠ። ጅብ አህያን ቁጭ ብሎ እንደማይጠብቅ በሳይንስ አስረዳት፣ አህያም የቤት ሥራ እንደማይሰጣት ጨመረላት፣ ከዚያም ላጲሱን አነሣ። በቦታው ሦስት በሬዎችና አንድ አንበሳ ገቡ፤ በሬዎቹ ተጣሉ፣ አንበሳው ተራ በተራ በላቸው፣ ከዚህ ተረት የምንማረውም አንድነት ኃይል መሆኑ ነው። ውጤቱ 5 ከ5፣ በቀይ እስክሪብቶ «በጣም ጎበዝ!» የሚል ታክሎበት። ልጄ ደብተሩን አሳየችኝና «አስጠኚው ጎበዝ ተባለ» አለችኝ። በኋላ እንደሰማሁት በዚያው ሳምንት በክፍሉ ውስጥ የሦስቱ በሬዎች መንጋ ተፈጥሯል፤ የጎረቤታችንም ልጅ፣ የቴሌግራም ግሩፑ ሊቀ መንበር የሆኑት እናት ልጅም በሬዎቹን አስበልተዋል።

መምህሯን ለመክሰስ እንዳልመጣሁ ይታወቅልኝ። ተከታታይ ምዘና በየሳምንቱ ነጥብ እንድትመዘግብ ያስገድዳታል፣ ሰኞ ጠዋትም የክፍሉ ደብተር ሁሉ ጠረጴዛዋ ላይ ተከምሮ ሲጠብቃት፣ ከዚያ ክምር ውስጥ የማን እጅ እንደጻፈ ለመመርመር ጊዜውን ከየት ታምጣው? ደግሞም እርስዎን በደጅ ጥናት የጠሩዎ ወላጆች እንዳሉ አውቃለሁ። አንድ ዓርብ ሳይመጡ ቢቀሩ «ይህን ሁሉ ገንዘብ የምንከፍለው ልጁ ባዶ ደብተር ይዞ እንዲመጣ ነው ወይ?» ብለው ርእሰ መምህሩ ቢሮ የሚሰለፉት እነዚሁ ናቸው፤ እሑድ ማታ «እባካችሁ ገጹ ስንት ነበር?» እያሉ የሚጽፉትም እነርሱው፤ የልጃቸውን ፕሮጀክት ፎቶ አንሥተው «ብቻዋን ሠርታው ነው» ብለው የሚለጥፉትም እንዲሁ። ከእነርሱ ውስጥ አንዱ አርክቴክት ስለሆነ የእኛ ዳሎል ከእርሱ ዳሎል አጠገብ ሲቀመጥ ምን እንደሚመስል መግለጽ አልፈልግም።

ስለዚህ የማቀርበው ጥያቄ አጭር ነው። ካርቶኑንና ወርክሺቱን በሥራ ቀን፣ መምህሯ ባለችበት ክፍል ውስጥ ያስጨርሱልን፤ ለዓርብ ተረቱን ብቻ ይተዉ፤ ያንኑም ልጅቱ ራሷ በገዛ ፊደሏ ትጻፈው፣ «ሀ» እና «ሐ» ቢቀያየሩም ሰማይ አይደፋም፤ «ከዚህ ተረት የምንማረው» የሚለውንም መስመር ያንሡልን። ይህን የማይቀበሉ ከሆነና እኛ ወላጆች በተማሪነት መቀጠላችን ግድ ከሆነ፣ የተማሪ መብታችን በሙሉ እንዲከበርልን እንጠይቃለን፦ የክረምት እረፍት ይሰጠን፣ በሴሚስተሩ መጨረሻ በስማችን ካርድ ይጻፍልን፣ ደረጃችንም ይነገረን። አርክቴክቱ አንደኛ እንደሚወጣ ከወዲሁ እናውቃለን፤ ሁለተኛነቱን ግን እንከራከርበታለን።

ከሰላምታ ጋር
አንድ የሦስተኛ ክፍል አባት

ግልባጭ፦
ለአስጠኚው፣ ላጲሱን እንዲመልስ
ለአህያዋ፣ የቤት ሥራዋን እንዳትጨርስ