ሳይገባችሁ አትፈርሙ

ድርጅት የምትመሩ ወገኖቼ፣ ቅር ብትሰኙም ልንገራችሁ። ሰው ሠራሽ አስተውሎት በተነሳ ቁጥር «እሱን የአይቲ ልጆች ይዩት» ማለታችሁን ተዉ።

የሒሳብ ሠራተኛ አላችሁ። ቢሆንም የትርፍና ኪሳራ መግለጫ ሳታነቡ አትፈርሙም። ታዲያ ሠራተኛ የሚመርጥላችሁ፣ ዋጋ የሚተምንላችሁ፣ በስማችሁ ለደንበኛ የሚመልስላችሁ ነገር ሲመጣ ዓይናችሁን ጨፍናችሁ የምትፈርሙት ለምንድን ነው?

ኤር ካናዳ የተባለው አየር መንገድ የደረሰበትን ስሙ። አንድ ሰው ዘመድ ሞቶበት ለሐዘን ለሚጓዝ ሰው ስለሚደረግ የትኬት ቅናሽ የኩባንያውን ቻትቦት፣ ማለትም ለደንበኛ በጽሑፍ የሚመልሰውን ፕሮግራም፣ ጠየቀ። ቻትቦቱም ትኬቱን ቆርጦ በ90 ቀን ውስጥ ማመልከት እንደሚችል ነገረው። የኩባንያው ደንብ ግን ከጉዞ በኋላ የሚቀርብ ጥያቄን አይቀበልም። ክርክሩ ሲቀርብ ኩባንያው ቻትቦቱ ለራሱ ተግባር ራሱ የሚጠየቅ አካል እንደሆነ አድርጎ ተከራከረ። በ2024 እ.ኤ.አ. የተሰጠው ውሳኔ ይህን ውድቅ አደረገ፤ ኩባንያው ከ800 የካናዳ ዶላር በላይ ከፈለ። ገንዘቡ ትንሽ ነው። ግን ማሽኑ ሲሳሳት የሚጠየቀው ባለቤቱ መሆኑን ልብ በሉ።

የዛሬዎቹ ቻትቦቶች አብዛኞቹ ቀጥሎ ሊመጣ የሚችለውን ቃል እየገመቱ ነው የሚጽፉት። እውነቱንም ስህተቱንም በአንድ ዓይነት ልበ ሙሉነት ይነግሯችኋል። ይህቺን ብቻ የተረዳ ሥራ አስኪያጅ የትኛውን ጥያቄ ለማሽን፣ የትኛውን ለሰው መተው እንዳለበት ያውቃል።

ከሁሉ በላይ የሚያሳስበኝ ግን የአማዞን ነገር ነው። ኩባንያው የአመልካቾችን ሲቪ የሚመዝን ፕሮግራም ሠርቶ ነበር። ፕሮግራሙ የተማረው በ10 ዓመት ውስጥ ከገቡለት ሲቪዎች ነው። አብዛኞቹ የወንዶች ነበሩ። ስለዚህ ወንድ ይሻላል ብሎ ተማረ። «የሴቶች ቼዝ ክለብ» የሚል ነገር ሲያይ ነጥብ ይቀንስ ጀመር። ሴቶችን ጣል ብሎ ያዘዘው ማንም የለም። አማዞን ፕሮግራሙን እርግፍ አድርጎ ተወው፤ ታሪኩም በ2018 እ.ኤ.አ. ይፋ ወጣ።

እንግዲህ ማሽኑ የሚማረው ከትናንት ነው። የድርጅታችሁን ትናንት ደግሞ ከእናንተ በላይ የሚያውቅ የለም። ማን ያለአግባብ እንደተገፋ፣ የትኛው መዝገብ በችኮላ እንደተሞላ፣ የትኛው ዓመት ሽያጭ በአጋጣሚ እንዳደገ ታውቃላችሁ። የአይቲ ባለሙያው ይህን ከየት ያመጣዋል? እናንተ ከሌላችሁበት ያ ሁሉ ጥፋት እንደ እውቀት ተቆጥሮ ይገባል።

ሻጮችም ሲመጡ ቀና ብላችሁ ጠይቋቸው። «99 በመቶ ትክክል ነው» ሲሏችሁ አትደነቁ። ከ1,000 ክፍያዎች 5ቱ ማጭበርበር ናቸው እንበል። ሁሉንም «ንጹሕ ነው» ብሎ የሚያሳልፍ ፕሮግራም 99.5 በመቶ ትክክል ነው። አንድም ሌባ ግን አልያዘም! ስለዚህ ከ5ቱ ስንቱን ያዘ በሉ። ከምን ተማረ፣ ሲሳሳት ማን ያየዋል፣ ዳታችን የት ይሄዳል በሉ። ይህን ለመጠየቅ ኮድ መጻፍ አያስፈልግም።

«እኛ ጋ ገና አልገባም» የምትሉም አላችሁ። እርግጠኛ ናችሁ? ሳምሰንግ በ2023 እ.ኤ.አ. ሠራተኞቹ የኩባንያውን የፕሮግራም ኮድ ቻትጂፒቲ የተባለው ቻትቦት ላይ እንደለጠፉ ሲደርስበት አጠቃቀሙን ከለከለ። የእናንተም ሰዎች ሥራ ለማቅለል ብለው ሳይነግሯችሁ ጀምረው ይሆናል። የማታውቁትን ነገር ደንብ ልታወጡለት አትችሉም።

ሌሎቻችሁ ደግሞ ተፎካካሪ ገዛ ብላችሁ ትሮጣላችሁ። ዚሎው የተባለው የአሜሪካ የቤት ገበያ ኩባንያ ቤት ገዝቶ መሸጡን በፕሮግራም የዋጋ ትንበያ ላይ መሥርቶ፣ ትንበያው ስላልያዘለት በ2021 እ.ኤ.አ. ሥራውን ዘጋ፤ ከሠራተኞቹም ሩብ ያህሉን አሰናበተ። እንጀራቸውን ያጡት እነዚያ ሠራተኞች ናቸው።

ስለዚህ እባካችሁ፣ በዚህ ሳምንት ለአንድ ቻትቦት አንድ ሰዓት ስጡት። ጸሐፊያችሁን አትላኩ፣ ራሳችሁ ቁጭ በሉ። መልሱን አጥርታችሁ የምታውቁትን፣ ከገዛ ሥራችሁ የወጣ ጥያቄ ጠይቁት። የት ጋ እንደሚያግዛችሁ፣ የት ጋ እየዋሸ እንደሚያምር በዓይናችሁ እዩ። ከዚያ ከፊታችሁ ያለውን ውል እንደገና አንብቡት።