ሠርግ የለብኝም!

ማንም አላገባም። ማንም አልተመረቀም። ቪዛ ልጠይቅም አልሄድኩም። ቀኑ ማክሰኞ ነው፣ ቀሚሱ የእኔ ነው፣ ለበስኩት። በቃ!

ገና ሐዋሳ አቶቴ ሰፈር ባጃጅ ሳስቆም ሾፌሩ ከእግር እስከ ራሴ አየኝና "ኮንትራት ነው አይደል፣ እመቤቴ?" አለኝ። በሹራብ የወጣሁ ቀን "ጠጋ በይ" እያለ ጥግ ላይ የሚያጣብቀኝ እኮ እሱ ራሱ ነው! ቢሮ በር ላይ ደግሞ ጥበቃው "የማን ሠርግ ነው?" አለ። ደረጃው ላይ ያገኘኋት "ሽክ ብለሻል፣ ምን ተገኘ?" አለች። ምን ይገኛል? "አምሮብሻል" ብሎ ማለፍ ግብር ያስከፍላል? እናቴ አዲስ ልብስ ስታይ "በጤና ልበሺው" ትላለች፣ ከዚያ ወደ ሥራዋ ትመለሳለች።

ይህ ሁሉ ግን ምንም አይደለም። ስብሰባው ሞልቶ ሳለ በሩን ከፍቼ ስገባ አለቃችን ንግግሩን አቋረጠ።

"እንዴ! ዛሬ ደግሞ ማንን ልትድሪ ነው?"

ሳቅ። እኔም ፈገግ አልኩ፣ ይሁን። እሱ ግን አልጠገበም።

"ባለፈው የደመወዝ ብድር ጠይቀሽ አልነበር? ለካ ለዚህ ኖሯል! የሰው ወርቅ አያደምቅ፣ እህቴ።"

የሰው?! እቁብ ሲደርሰኝ ያሠራሁት ቀሚስ ነው! ሸማኔው ቤት ተመላልሼ፣ የጥለቱን ሰማያዊ ክር ራሴ መርጬ! ከሁሉ በላይ የሳቀችው ደግሞ ማን መሰለቻችሁ? ነጠላዬን ለዘመዷ ሠርግ ተውሳ ጫፉ ላይ የወጥ ጠብታ አትማ የመለሰችልኝ! ጠብታው ዛሬም አለ፣ በኦሞም በሎሚም አልለቀቀም። ተረቱ ማንን ፈልጎ እንደመጣ እሷ ታውቃለች። እኔ ግን ምን አልኩ? "አይ፣ ዝም ብዬ ነው" አልኩ። ዝም ብዬ! መልሱ የመጣልኝ ማታ ሽንኩርት ስከትፍ ነው።

አለመልበስም አያድንም። ባለፈው ሳልኳል በአሮጌ ሹራብ ብሄድ "ምነው፣ አሞሻል? ልቅሶ ነበረብሽ?" ተባልኩ። ታኅሣሥ 19 ለገብርኤል ከተማው ነጭ በነጭ ሲሆን ማንም ማንንም አይጠይቅም። ለሲዳማ ዘመን መለወጫ፣ ለፊቼ ጨምበላላ፣ ጉዱማሌ አደባባይ ሲደምቅም እንዲሁ። በአዘቦት ቀን ክት ማውጣት ግን ወንጀል ነው። እዚሁ ሐዋሳ ውስጥ በ2008 የተመረቀው የኢንዱስትሪ ፓርክ ለባሕር ማዶ ገበያ ልብስ ይሰፋል፤ እኛ የጎረቤታችንን ቀሚስ ምክንያት እንጠይቃለን።

ነገም እለብሰዋለሁ ልላችሁ ነበር። አልለብሰውም፣ ደክሞኛል፤ አጥፌ ሣጥን ውስጥ ከትቼዋለሁ።

ብድሩ ደግሞ አልተፈቀደም።