ገደ ቢስ እና ዕድለ ቢስ አንድ አይደሉም

ጎንደር ላይ ባለቤቱን የሚያከስር መኪና «ገደ ቢስ» ይባላል። ሥራ ፈልጎ ያጣ ወጣትም እንዲሁ። የመጀመሪያው ትክክል ነው፤ ለሁለተኛው ግን «ዕድለ ቢስ» የሚል ቃል አለን።

ዕድል የራስ ድርሻ ነው። ገድ ደግሞ ሰው ወይም ነገር ለሌላው ይዞት የሚመጣው ነው። ነጋዴ ጠዋት መጀመሪያ የገዛውን ሰው «እጁ ገድ አለው» የሚለው ገበያው ስለደራለት ነው፤ ገዢው ራሱ ባዶ ኪሱን ሊመለስ ይችላል። ክፉው የደረሰው በራሱ ላይ ከሆነ ዕድለ ቢስ፣ በቀረበው ላይ ከሆነ ገደ ቢስ።

«ቢስ» መጥፎ ማለት ነው፤ ሥሩ «የባሰ» ከምንለው ጋር አንድ ነው። ከስም ጋር ሲናበብ ማጣትን ያሳያል። ስሙ በሳድስ ካለቀ ወደ ግዕዝ ይዞራል (ገድ፣ ገደ ቢስ፤ ጥቅም፣ ጥቅመ ቢስ)፤ በራብዕ ካለቀ እንዳለ ይቀራል (መላ ቢስ፣ ውለታ ቢስ)። «ገደቢስ» ተብሎ ሲገጠም «ገደብ»ን ስለሚያስመስል ተለይቶ ቢጻፍ ይሻላል።

ቃሉ ሰው ላይ ሲለጠፍ ግን ክስ ነው። ሙሽራ በገባች በወሩ በሬ ቢሞት «ገደ ቢስ ናት» ይባላል። ልጅቷ ዕድሜዋን ሙሉ ያንን ስም ተሸክማ ትኖራለች፤ በሬውን የገደለው በሽታም ሳይጠየቅ ይቀርና ሌላውን በሬ ይወስዳል። ይህ ግፍ ነው።

ከተማችንንም «ገደ ቢስ» የሚላት አይጠፋም። ጎንደርን በ1866 እ.ኤ.አ. ያቃጠሏት አፄ ቴዎድሮስ ናቸው፤ በ1888 እ.ኤ.አ. ደግሞ ከሱዳን የመጡት ደርቡሾች። አቃጣዮቿ በስም እየታወቁ ጥፋቱን በገድ ማላከክ ታሪክ ማድበስበስ ነው።

ከደባርቅ ወደ ዛሪማ የሚወርደው ሊማሊሞም «ገደ ቢስ መንገድ» ይባላል። እዚያ ቃሉ ነፍስ ያስከፍላል። ረጅም ቁልቁለት በእግር ፍሬን ብቻ ሲወረድ የፍሬን ሸራው ይግላል፤ ሲግል መያዙን ይተዋል። መፍትሔው ሞተሩ ራሱ መኪናውን እንዲይዝ ቁልቁለቱ ሳይጀምር ከባድ (ዝቅተኛ) ማርሽ ማስገባት ነው። መኪናው ከፈጠነ በኋላ ማርሽ ለመቀነስ የሚሞክር ሾፌር፣ ማርሹ አልገባ ብሎት ዜሮ ላይ ሊቀር ይችላል፤ ያኔ የሞተሩንም መያዣ ያጣል። የጭነቱ ክብደትም መታየት ያለበት ደባርቅ ላይ፣ መውረድ ሳይጀመር ነው።