እርማት፦ መልካም የጤና አሠራር በመመሪያ ብቻ አይዳረስም

ጤና ይስጥልኝ። «በደብረ ብርሃን ውጤት ያሳየ የሕክምና አሠራር መመሪያው ለወረዳዎች ከተላከ መንዝንም አንኮበርንም በራሱ ያዳርሳል» ሲሉ የጻፉት፣ ብዙዎች የሚያምኑት ቢሆንም፣ ትክክል አይደለም። በ1995 ዓ.ም. የተጀመረው የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም የገጠሩን ሕዝብ የደረሰው ሰነዱ ስለተበተነ ሳይሆን፣ በየቀበሌው ሁለት ሁለት ሴቶች፣ በአብዛኛው ከዚያው አካባቢ ተመልምለው፣ ለአንድ ዓመት ያህል ሠልጥነውና ደመወዝ ተቆርጦላቸው ስለተመደቡ፣ ጤና ኬላም ስለተሠራላቸው ነው። አሠራሩም ባለበት አልተገለበጠም፤ በአርብቶ አደሩ አካባቢ ወንዶችም ተመልምለዋል። በኋላ የሕፃናትን የሳንባ ምች በጤና ኬላ ማከም ሲፈቀድ፣ ፈቃዱን ተከትሎ ሥልጠና፣ የመድኃኒት አቅርቦትና የቅርብ ክትትል አስፈልጓል። መንገዱ አስቸጋሪ በሆነው የመንዝ ገጠር ደግሞ፣ እጅግ የሚያሳስበኝ ይህ ነው፣ መድኃኒት የተቋረጠበት ጤና ኬላ የታመመ ሕፃን ያዘለችን እናት ወደ ሩቁ ጤና ጣቢያ ከመላክ ሌላ አማራጭ የለውም።